ሰማያዊዋ ቱርቦ እና የአባቴ መሐላ

ባቱ፣ የካቲት 6 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለልዩ ሰይፈሚካኤል፣

እንዴት ነሽ ብዬ እጀምራለሁ፤ አባት ነኝና። እኔ ደህና ነኝ። የሐይቁ አየር ተስማምቶኛል። አክስትሽ ዘርፉ ጾም ሳይገባ ላወፍርህ ብላ በየቀኑ ቆሮሶ ዓሣ ትጠብስልኛለች፤ ወንድሟ ሳልሆን ለገበያ የምታቀርበው ሰንጋ መስያታለሁ።

የአዳማ መስመር ሾፌሩ ቶሌራ ሚኒባሱን አቁሞ ወረቀትሽን ሲሰጠኝ «ጋሼ፣ ኔትወርክ ጠፍቶ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። ምን ልበለው? በኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ ግቢው በእንግዳ ተሞልቶ፣ የገዛሁልሽን አይሱዙ ሸጠሽ በዚያች ሁለት ሰው ብቻ በምትይዝ ሰማያዊ መኪና እያጓራሽ ስትገቢ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ከዚህች ልጅ ጋር ቃል ብለዋወጥ ሚካኤል ይፍረድብኝ» ብዬ መማሌን ለሾፌር አልዘረዝርለትም። ስሙን በተሸከምኩት መልአክ ምዬ መልሼ ልዋጠው? አይሆንም።

የነፍስ አባቴን «መጻፍስ ይቻላል?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ጥፋቱ መማልህ ነው፤ ንስሐ ግባና ልጅህን አናግር» አሉኝ። አስብበታለሁ ብዬ ወጣሁ። ስለ መጻፍ ግን አልከለከሉኝም።

መኪናዋን አልወደድኳትም፤ ይህን እወቂ። ግን ጥያቄሽ የተሳሳተ ስለሆነ ዝም ማለት አቃተኝ። ገና የፋብሪካ ሽታዋ ያልለቀቃትን ቱርቦ «ጉልበት ለመጨመር ከጭስ ማውጫው ልጀምር ወይስ ከኮምፒውተሩ?» ትያለሽ? ከሁለቱም አትጀምሪም! የምትጀምሪው ከፍሬን ነው። ሙቀት የሚችል የፍሬን ሸራ አስገቢ፣ የፍሬን ዘይቱን ቀይሪ። ከዚያ ጎማ። ከዚያ ቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚገፋውን አየር የሚያቀዘቅዘው ራዲያተር፤ ፋብሪካው የሰጠሽ ለአዳማ ሙቀት ትንሽ ነው። ያልሽው ጭስ ማውጫ፣ ማርሚታው፣ ከዚያ ይመጣል። የሞተሩ ኮምፒውተር መጨረሻ ላይ ነው የሚነካው። ቅደም ተከተሉን ካዛባሽ ሁለተኛ እንዳትጠይቂኝ።

ለመሆኑ ይህን ሁሉ ለምን ፈለግሽው? እውነቱን ጻፊልኝ።

አባትሽ ሰይፈሚካኤል


አዳማ፣ የካቲት 19 ቀን 2015 ዓ.ም.

አባዬ፣

ጾሙ እንዴት ይዞሃል? አክስቴ ዘርፉስ ቆሮሶውን ተወችልህ? እኔ ሽሮ በሽሮ ሆኛለሁ። አዳማ ነፋሱ ጀምሯል፤ ጠዋት የወለወልኳት መኪና ለምሳ ስመለስ አቧራ ለብሳ ትጠብቀኛለች።

እውነቱን ልንገርህ። በግንቦት ከነፋስ ኤሌክትሪክ ማማዎቹ ሥር ባለው ዳገት ላይ የመኪና ውድድር አለ። መንገዱ ይዘጋል፣ መኪኖች አንድ በአንድ ይወጣሉ፣ ፈጥኖ የወጣ ያሸንፋል። ተመዝግቤያለሁ። ሴት እኔ ብቻ ነኝ፤ ይህን ለጨዋታ ያህል ነው የነገርኩህ።

ጋራዥህ ውስጥ ሳድግ የተጠገነ መኪና ሁሉ ለሙከራ ሲወጣ መሪው ላይ የሚቀመጠው ሌላ ሰው ነበር። ትናንት የተቀጠረ ተለማማጅ ይነዳል፤ እኔ መፍቻ አቀብላለሁ። «አንቺ አትንጂ» ትለኝ ነበር። ለምን እንደሆነ አንድም ቀን አልነገርከኝም። ቆይተህ አይሱዙውን ስትገዛልኝ ደግሞ «ይህ ቀስ ብሎ ስለሚሄድ ነው» ብለህ ለወዳጅህ ለጋሼ አብዱልመናን እንደነገርከው ሰማሁ። በዚያ መኪና ሞጆ ደረቅ ወደብ በር ላይ ከወንዶቹ ጋር ተሰልፌ ሠርቼ በልቻለሁ፤ አመሰግንሃለሁ። የሸጥኩት ንቄህ አይደለም። የምፈልገውን ስላወቅሁ ነው። ሳልነግርህ መሸጤ ግን ጥፋት ነው፣ በእንግዳ ፊት እያጓራሁ መግባቴም። ይቅርታ አድርግልኝ።

ለዳገቱ ግን ይቅርታ አልጠይቅም። ያለ አንተም እወጣዋለሁ። ካንተ ጋር ግን ፈጥኜ እወጣዋለሁ።

ፍሬኑ እንዳልከው ተቀይሯል። ጎማውን ጋሼ አብዱልመናን በራሱ ጎሚስታ፣ በራሱ እጅ ነው የቀየረልኝ። «የወንድሜ ልጅ መኪና ላይ ሠራተኛ አላሰማራም» ብሎ ላቡን እያንጠፈጠፈ ታገለ። ራዲያተሩም ታዟል።

አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ እንዲያው ለጠቅላላ ዕውቀት ነው። የአዳማ ቤንዚን ከአዲስ አበባው ይለያል እንዴ? ዳገት ላይ ሞተር ሲሞቅ፣ ቆርቆሮ ውስጥ ጠጠር እንደሚንጫጫ ዓይነት ድምፅ ከምን ይመጣል?

ልጅህ ልዩ


ባቱ፣ መጋቢት 2 ቀን 2015 ዓ.ም.

ልዩ፣

ሰላምታው ይቅር። «ለጠቅላላ ዕውቀት» ነው ያልሽኝ? እኔን? ጸጉሬ የመኪና ኮፈን ሥር ነው የሸበተው!

አዲስ አበባ ወስደሽ ኮምፒውተሩን አስነክተሻል። አትካጂ። ፍሬን፣ ጎማ፣ ራዲያተር ብዬ ጻፍኩልሽ፤ አንቺ ራዲያተሩ ሳይደርስ ወደ መጨረሻው ዘለልሽ።

ስሚኝ። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስና ቀዝቃዛ ነው። እዚያ ያለው ባለሙያ በዚያ አየር ለክቶ ቱርቦውን አጠበቀልሽ። ለዚያ ቦታ ልክ ነው። አንቺ ግን ቁልቁል ይዘሻት ወረድሽ። እዚህ አየሩ ወፍራም ነው፣ ደግሞ ይፈላል። ያው ቱርቦ ያንኑ ያህል ሲገፋ ሞተሩ ከታሰበለት በላይ ይጎርሳል፤ ቤንዚኑ ካንዴላው እሳት እስኪሰጠው አይጠብቅም፣ በሙቀቱ ብቻ ቀድሞ ይፈነዳል። የሰማሽው ጠጠር ፒስተንሽ ሲደበደብ ነው። ስንቱ መኪና አዲስ አበባ ተሞሽሮ ወደ ስምጥ ሸለቆ ወርዶ፣ የሞተሩ ክዳን፣ ቴስታታው፣ ተቃጥሎ እኔ ጋራዥ ተጎትቶ ገባ! አንቺም አይተሻል። መፍቻ ያቀበልሽኝ አንቺ ነሽ!

ቁልፉን አውጪና አቁሚያት። ወደ ዳቦ ቤትም ቢሆን አትንጃት።

«አትንጂ» ስልሽ ለምን እንደነበር ጠይቀሻል። ፈርቼ ነዋ! አንቺ ብቻ ነሽ ያለሽኝ። የሌላ ሰው ልጅ ሲነዳ እንቅልፍ ይወስደኛል፤ አንቺ ስትነጂ አይወስደኝም። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም፣ አሁንም የለኝም።

ይህን ጨርሼ ልቀደው ነበር፤ ዘርፉ ቀምታኝ ለቶሌራ ሰጠችው።

ሰይፈሚካኤል


አዳማ፣ መጋቢት 14 ቀን 2015 ዓ.ም.

አባዬ፣

ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት፤ መጀመሪያ ቆሜ፣ ቀጥሎ ተቀምጬ። ይቅር በለኝ። «ማን ነው የመከራት?» ብለህ በቶሌራ የላክኸው ጥያቄም ደርሶኛል። «አካም ጂርታ» ብሎ ሰላም እንኳ ሳይለኝ ነው የጠየቀኝ፤ አንተን መስሎ፣ በቁጣ፣ መናኸሪያው መሀል! ማንም አልመከረኝም። ራዲያተሩ ሞጆ ጉምሩክ ሲዘገይ ትዕግሥቴ አለቀ። ጋሼ አብዱልመናን «ለአባትሽ ጻፊለት» ብሎኝ ነበር፤ ትጮህብኛለህ ብዬ ፈራሁና በዘወርዋራ ጠየቅኩህ። እንደፈራሁት ጮህክብኝ።

መኪናዋ ቆማለች። ባለሙያው ኮምፒውተሩን ወደ ፋብሪካው ልክ መልሶልኛል። የሞተሩን ውስጥ በካሜራ አየነው፤ ፒስተኖቹ አልተጎዱም። እልል በልልኝ።

አሁን የማደርገውን ስማ። ራዲያተሩ ከጉምሩክ ወጥቶልኛል፤ ይገባል። ማርሚታው ከዚያ ይቀየራል። ኮምፒውተሩን ግን ሁለተኛ አዲስ አበባ አላስነካም። ባለሙያውን ወደ ታች አመጣዋለሁ። ከፋሲካ በኋላ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ሙቀቱ አናት በሚበሳበት ሰዓት ቡልቡላ መንገድ ላይ እንለካታለን። ቡልቡላ ካንተ ሩቅ አይደለም። መጥተህ ብትቆም ደስ ይለኛል። አታናግረኝ፤ ቁም ብቻ።

ሌላም አለ፤ እዚህ ላይ ቁጭ በል። ዳገቱ አናት አጠገብ አንድ ኩርባ አለ። ከኩርባው ወዲያ ያለው መንገድ ለነጂው አይታይም። ከብት ይግባ፣ ሰው ይቁም፣ ከእኔ በፊት የወጣው መኪና ተገትሮ ይሁን አላውቅም። ስለዚህ እያንዳንዱ ተወዳዳሪ እዚያ የሚቆምለት ሰው ያስመዘግባል፤ ያ ሰው ያየውን በሬዲዮ ይነግረዋል። ነጂው በሰውየው ዓይን አምኖ ነው የሚገባበት።

ያንተን ስም አስመዝግቤያለሁ። የማምነው ሌላ ዓይን የለኝም፤ ጋሼ አብዱልመናን እንኳ መነጽሩን እየፈለገ ነው የሚውለው። መሐላህን አውቃለሁ። ግን ከአንተ በቀር ማንንም አላምንም፤ ቁርጡን ነው የምነግርህ።

ልዩ


ባቱ፣ ሚያዝያ 17 ቀን 2015 ዓ.ም.

ልጄ፣

ለብርሃነ ትንሣኤው እንኳን አደረሰሽ። ዘርፉ ዶሮውን አቃጥላ ጥፋቱን በምድጃው አሳበበች፤ በላነው።

የቡልቡላውን እንድጽፍልሽ ጠይቀሻል፤ ፊት ለፊቴ ቆመሽ ያየሽውን ምን ልጽፍልሽ? እሺ። ከቲማቲምና ሽንኩርት ሻጮቹ ጋር ጥላ ሥር ቆምኩ። ያ ባለሙያሽ ኮምፒውተሩን ታቅፎ አጠገብሽ ተቀምጦ ስትመላለሱ ሰማሁ። መጀመሪያ ላይ አራተኛ ማርሽ ላይ ጥቂት ጠጠር ነበር። ካርቶን ቀድጄ «አራተኛ ላይ ቀንስ» ብዬ ጽፌ ሰጠሁት። አየኝ፣ ካርቶኑን አየው፣ ቀስ ብሎ «አባትሽ መናገር አይችሉም እንዴ?» አለሽ። ሰምቼዋለሁ! ሻጮቹም ሰምተው ሲስቁ ቲማቲማቸው ተንከባለለ። አንቺም ሳቅሽ። ለመሳቅ ትንሽ ቀርቶኝ ዞር አልኩ።

ሰውየው ግን ጎበዝ ነው። እኔ በጆሮዬ የማልደርስበትን እሱ ከስክሪኑ ያነበዋል፤ እሱ ያላስተዋለውን ደግሞ እኔ ሰማሁት። ከሰዓት በኋላ ጠጠሩ ጠፋ። የተለካው ይበቃሻል፤ «ትንሽ ጨምርልኝ» እንዳትይው። ከራዲያተሩ በኋላ ያ ሁሉ ሙቀት ሞተሩን አልነካውም። ቆንጆ ሥራ ነው። መኪናዋንም አሁን በመጠኑ ወድጃታለሁ፤ በመጠኑ ብያለሁ።

ስለ ሬዲዮው ብዙ ሳስብ ከረምኩ። ስሜን ሳትጠይቂኝ ማስገባትሽ ድፍረት ነው። ከማን እንደወረስሽው ዘርፉ ነገረችኝ፤ ተጣላን። ቃል መተንፈስ አልችልም። መሐላዬ መሐላ ነው። ግን ሬዲዮው ቁልፍ አለው፤ ሲጫኑት አንቺ ጋ «ጠቅ» ይላል። መንገዱ ክፍት ከሆነ አንዴ እጫናለሁ፤ ትነጂያለሽ። አደጋ ካለ ደጋግሜ እጫናለሁ፤ ትቆሚያለሽ። ምንም ካልሰማሽ ሬዲዮው ተበላሽቷል ማለት ነውና እግርሽን ከነዳጅ ላይ አንሺ፣ ቀስ በዪ። በዚህ ከተስማማሽ እመጣለሁ።

አባትሽ


አዳማ፣ ግንቦት 5 ቀን 2015 ዓ.ም.

አባዬ፣

ተስማምቻለሁ! የውድድሩ ዳኞች «አባትሽ በጠቅታ ነው የሚያናግሩሽ?» ብለው ሳቁ። ደንቡ ግን ምልክት ይሰጥ ይላል እንጂ በአፍ ይሁን አይልም። ቶሌራ ሁለት ሬዲዮ ከሚያከራይ ዘመዱ አምጥቶልናል። ሞክረነዋል፤ ጠቅታው ጥርት ብሎ ይሰማል።

በቶሌራ ለላክኸው ጥያቄ ሁሉ መልስ፦ አዎ፣ መለዋወጫ ጎማውን አውጥቻለሁ። አዎ፣ የፍሬን ዘይቱን እንደገና አስለውጫለሁ። አዎ፣ የራስ ቁር አለኝ፣ በልኬ ነው። አይ፣ ቱርቦውን አላስጨመርኩም፤ በሚካኤል እንዳልምልልህ በቤታችን መሐላ በዝቷል።

አክስቴ ዘርፉ ደውላ «አባትሽ እንቅልፍ አጥቷል፣ እህልም አይበላም» አለችኝ። እንደነገረችኝ እንዳትነግርባት። ከዚያ ወዲያ አንድ ሙሉ ከሰዓት ጎሚስታው ደጃፍ ተቀምጬ፣ ልተወው ይሆን እያልኩ አሰብኩ። ጋሼ አብዱልመናን ሻይ አስመጥቶልኝ አጠገቤ ተቀመጠ። በመጨረሻ ተነሣሁ። አልተወውም አባዬ። ብተወው እድሜ ልኬን አንተን ነው የምወቅስህ፤ አንተን እየወቀስኩ መኖር አልፈልግም።

እኔም እፈራለሁ። አልፈራም ያልኩህ እንዳይመስልህ። መሪውን ስይዝ ግን እጄ ጸጥ ይላል።

ጠዋት ና። ኮፍያ አትርሳ፤ እዚያ አናት ላይ ጥላ የለም።

ልዩ


አዳማ፣ ግንቦት 14 ቀን 2015 ዓ.ም.

አባዬ፣

የት ገባህ? መኪናዋን አቁሜ፣ የራስ ቁሬን ጥዬ፣ ከሰው ጋር እየተጋፋሁ ኩርባው ድረስ በሩጫ ወረድኩ። የለህም! «ሬዲዮውን ሰጥቶኝ ሚኒባስ ተሳፈረ» አለኝ ጋሼ አብዱልመናን። ሰው በልጁ ውድድር ቀን ይሸሻል?

ሦስተኛ ወጣሁ። ከዚያ ሁሉ ወንድ መሀል ሦስተኛ! ሞተሯ አንዴም አላንኳኳችም፣ ፍሬኑ እስከ መጨረሻው ያዘልኝ። አንደኛ የወጣው ሰውዬ መጥቶ ኮፈኑን ካልከፈትሽልኝ ብሎ ለመነኝ። ራዲያተሩን አይቶ «ማን ነው ያሰበው?» አለ። «አባቴ» አልኩት። ቀና ብዬ ነው ያልኩት።

ግን አንጀቴ አሯል። እስከ ኩርባው ድረስ አንደኛ ነበርኩ፤ ሰዓት ያዡ ነግሮኛል። ኩርባው ጋ ስደርስ ጠቅታ ጠበቅሁ። የለም። እንደተስማማነው ነዳጅ ለቀቅሁ። መኪናዋ ተኛችብኝ። በቃ አለቀልኝ ስል ከሬዲዮው ውስጥ ድምፅህ መጣ። «ንጂ! ንጂ እንጂ ልጄ፣ ምን ትጠብቂያለሽ!»

ከኅዳር ጀምሮ ያልሰማሁት ድምፅ! ነዳጁን ስረግጥ እያለቀስኩ ነበር። መንገዱን ያየሁት በእንባ ውስጥ ነው፤ ይህን ለዳኞቹ አልነገርኩም።

ቶሌራ ዘመዱን ሊጣላ ተነሥቷል። «ቁልፉ የማይሠራ ሬዲዮ አከራይቶ አዋረደኝ» ይላል። ቁልፉ ስንት ጊዜ እምቢ አለህ? ሰውየው ኪራዩን እንዲመልስልን ልጠይቀው ነውና ጻፍልኝ። መሐላህስ? በእኔ የተነሣ ሚካኤልን አስቀየምክ? እሱ ነው ከሦስተኛነቱ ይልቅ ያስጨነቀኝ።

ልዩ


ባቱ፣ ግንቦት 18 ቀን 2015 ዓ.ም.

ልዩዬ፣

ቶሌራ ዘመዱን እንዳይጣላ ዛሬውኑ ንገሪው። ሬዲዮው ደህና ነበር። ቁልፉም ደህና ነበር።

ከታች ስትነሺ ሞተሯን ሰማሁ። ንጹሕ ነው፤ ጠጠር የለ፣ ምን የለ። እየቀረብሽ መጣሽ። ከኩርባው ወዲያ ያለውን መንገድ አየሁ፤ ባዶ ነው፣ ውሻ እንኳ የለበትም። የሚቀረኝ መጫን ብቻ ነበር። በዚህ መሀል አንቺ ብቅ አልሽ። ፍሬን የያዝሽበትን አየሁ፣ ማርሽ የቀነስሽበትን፣ መኪናዋን ወደ ውስጥ ያስጠጋሽበትን። በጉብዝናዬ ጊዜ እኔ እንዲያ አልነዳሁም። የማውቀው ሰውም እንዲያ አልነዳም። አፌን ከፍቼ ቆሜ አይሻለሁ፤ ሬዲዮ መያዜን ረሳሁት። ነዳጅ ለቀሽ ሞተሯ ሲቀዘቅዝ ነው የባነንኩት። ያኔ የቱ ቁልፍ፣ የቱ መሐላ! ጮህኩ።

አንደኝነቱን የነሳሁሽ እኔ ነኝ። ስፈራ የኖርኩት አንቺ ትሳሳቻለሽ ብዬ ነበር፤ የተሳሳትኩት እኔ ሆንኩ።

ሸሸህ ላልሽው፣ አዎ፣ ሸሸሁ። ፊቴ ርሶ ነበር። በዚያ ሁሉ ሰው መሀል የጋራዥ ሽማግሌ ሲነፋረቅ ማን ይይ? አብዱልመናንም አብሮኝ እያለቀሰ ነው ሬዲዮውን የተቀበለኝ፤ እንዳልነገረሽ ገባኝ።

ከሚኒባሱ ወርጄ በቀጥታ የነፍስ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። «መሐላዬን አፈረስኩ» አልኳቸው። «ምን ብለህ?» አሉኝ። «ንጂ ብዬ» አልኳቸው። መስቀላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። «ቀኖና የምሰጥህ በማፍረስህ አይደለም፤ በመማልህ ነው። ያችን ልጅ ዝም ላልክባት ወራት ስገድ» ብለው አዘዙኝ። እየሰገድኩ ነው። ሚካኤል አልተቀየመኝም መሰለኝ፤ እንቅልፍ ይወስደኝ ጀምሯል።

ስለዚህ የምጽፍልሽ የመጨረሻው ደብዳቤ ይህ ነው። ስልኬን ከፍቼ ቁጥርሽ ላይ አፍጥጬ መዝጋት ከጀመርኩ ሰነበትኩ። አንቺ ደውዪ። እሁድ፣ ከቅዳሴ መልስ። አነሳለሁ። ወዲያው ቃል ካልወጣኝ አትዝጊው፤ ጠብቂኝ።

አባትሽ